ሠረቀ ወይስ ሰረቀ፦ ለታዳጊዎች ስለሚጻፍ የምስጢር ጀብዱ



ከዚህ ከፍራንክፈርቱ ቦርንሃይም ሚተ ጣቢያ በኡ4 የምድር ባቡር የተሳፈረ ልጅ ባቡር ሳይቀይር ቦከንሃይመር ቫርተ ይወርዳል። ከጣቢያው ወጣ እንዳለ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አለ። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሰሜንና ጎንደር ተጉዞ ያመጣቸው የብራና መጻሕፍት በዚህ ቤት ተቀምጠዋል፤ ከእነሱም አንዱ መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ሁለት መቶ መላእክት በአርሞን ተራራ ላይ ተማምለው ወደ ምድር ሲወርዱ፣ ከሰው ልጆች ጋር ተጋብተው ግዙፋንን ሲወልዱ፣ አዛዝኤል ለሰው ሰይፍና ጋሻ መሥራትን ሲያስተምር፣ ሄኖክም የሰማይን መዛግብት በየተራ ሲያይ የሚተርክ መጽሐፍ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ በጀርመንኛ ተጽፎ፣ ሽፋኑ ጥቁር ሆኖ፣ በርገር ሽትራሰ ላይ ባለ መጻሕፍት መደብር ቢደረደር የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሌሊቱን አጋምሶ ያነበዋል። በፊደላችን የተጻፈው ግን በስምንት ፌርማታ ርቀት ተቀምጦ ልጆቻችን መኖሩን እንኳ አያውቁም። ዛሬ የምሟገተው ለአንድ ሐሳብ ብቻ ነው። እዚህ ያደገ ልጅ ማንም ሳይጎተጉተው አማርኛ እንዲያነብ ሊያደርጉ ከሚችሉ የጽሑፍ ዓይነቶች ሁሉ ረቂቅ ነገር ያለበትን የምስጢር ጀብዱ የሚያህል የለም። ምክንያቱም የዚህ ዓይነቱ ታሪክ የሚነሣው ካልተነበበ ጽሑፍ ነው፤ ፊደልን በከፊል የሚያውቅ ልጅ ደግሞ ያልተነበበ ጽሑፍ በገዛ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎለት ነው ያደገው።

የዚህን ዓይነት መጻሕፍት ያገላበጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጋኔኑ ወይም ሙት መንፈሱ ብቅ የሚለው ዘግይቶ ነው። አስቀድሞ የሚመጣው ሊነበብ ያልቻለ ነገር ነው፤ በድንጋይ ላይ የተፈለፈለ ምልክት፣ አያት ትተውት ያለፉት ደብዳቤ፣ ሌላ ሰው እንዲነካው ያልተፈቀደ መጽሐፍ። በ1979 የታተመው የሚካኤል ኤንደ «መጨረሻ የሌለው ታሪክ» ባስቲያን የሚባል ልጅ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ አንድ መጽሐፍ ሰርቆ በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሥር ተደብቆ ሲያነብ ይጀምራል፤ እያነበበ ሄዶ ራሱን መጽሐፉ ውስጥ ያገኘዋል። ለልጆቻችን የበለጠ ይቀርባል የምለው ግን ሌላ መጽሐፍ ነው፤ ብዙዎቹ በትምህርት ቤት የሚያነቡት የኦትፍሪድ ፕሮይስለር «ክራባት»። በ1971 ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት የጀርመን የወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ሽልማትን አገኘ። የአሥራ አራት ዓመቱ ለማኝ ክራባት በሕልሙ እየተጠራ ወደ አንድ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ወፍጮ ቤቱ የአስማት ትምህርት ቤት ነው። ጌታው ዓርብ ዓርብ ማታ ኮራክቶር ከሚባለው መጽሐፍ ያነባል፤ አሥራ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ቁራ ሆነው በመስቀያ እንጨት ላይ ሰፍረው በቃላቸው ይይዛሉ። መጽሐፉን ራሱ መንካት አይፈቀድላቸውም። በየዘመን መለወጫውም ከመካከላቸው አንዱ ይሞታል።

የቆሎ ተማሪን ሕይወት በወሬ እንኳ የሰማ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያነብ ፈገግ ሳይል አይቀርም። መምህር ያነባል፣ ተማሪ በቃሉ ይይዛል፣ ቀለም ይቆጥራል፣ ከተማሩት መካከልም አንዱ «ሌላውን ትምህርት» ፈልጎ ሌሊት ጠፋ ይባላል። ይህን ሁሉ እኛ እናውቀዋለን። በእኔ ሐሳብ ግን ከክራባት የምንማረው ትልቁ ነገር የትውልድ ሐረጉ ነው። ታሪኩ ከጀርመኖች የወጣ አይደለም። በምሥራቅ ጀርመን በላውዚትስ የሚኖሩት፣ ጀርመንኛ በዙሪያቸው ሞልቶ የስላቭ ቋንቋቸውን ይዘው የቆዩት ሶርቦች የሚያወሩት አፈ ታሪክ ነበር። ፕሮይስለር ከማሳተሙ በፊት የሶርቡ ደራሲ ዩሪ ብሬዛን በ1968 በዚሁ አፈ ታሪክ ላይ የራሱን መጽሐፍ አውጥቷል። በትልቅ ቋንቋ የተከበበ ትንሽ ቋንቋ ይዞት የኖረው የጠንቋይ ወሬ ለትልቁ ቋንቋ ልጆች የክፍል ንባብ ሆነ ማለት ነው። የእኛ ልጆችም በቦርንሃይም ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሌላውን አናሳ ሕዝብ ቅርስ በፍቅር ያነባሉ። ማንበባቸው መልካም ነው። የራሳቸውን ሳያገኙ መቅረታቸው ግን የእኛ ስንፍና እንጂ የዕቃው እጦት አይደለም።

ዕቃውማ ሞልቷል። ሱስንዮስና ወርዝልያን ውሰዱ። በክታብ ጥቅልሎች ላይ በብዛት የሚገኘው ይህ ታሪክ ሲጀምር አዲስ የተወለደ ሕፃን ሞቶ ይገኛል፤ አባቱ ሱስንዮስ ገዳይዋን ፍለጋ ፈረስ ጭኖ ጦሩን ይዞ ይወጣል፤ መንገድ ላይ አሮጊት ያገኛል፤ አሮጊቷ አቅጣጫ ትጠቁመዋለች፤ ወርዝልያም በአትክልት ቦታ በአጋንንት ተከብባ ትገኛለች። ወንጀል አለ፣ ፍለጋ አለ፣ ምስክር አለ፣ መገናኘት አለ። ለታዳጊ ልጅ የሚጻፍ የጀብዱ አጥንት ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? የዋልድባ ስውራን፣ ጥላ ወጊው፣ የጣና ደሴቶች ዕቃ ቤቶች፣ በገመድ የሚወጣው ደብረ ዳሞ፤ እነዚህ ሁሉ ለአዋቂዎች በተጻፉ ልብ ወለዶች ተሞክረዋል። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ደጋግሞ የታተመው፣ የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ»ም ብዙ አንባቢ ያገኘው የአማርኛ አንባቢ ገዳምና ምስጢር ሲገናኙ ስለሚወድ ነው። ወደ ኋላ ብንሄድ ደግሞ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ የሚታወቀው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው፣ ራሱ የወጣቶች ጀብዱ ነው። መንታ ወንድሟ ዋህድ ደብዛው ሲጠፋ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ፍለጋ ትወጣለች። ደግሞም የታተመው በአዲስ አበባ ሳይሆን በ1908 በሮም ነው። ልብ ወለዳችን የተወለደው በስደት ሀገር፣ በወጣት ጀግና ነው። «ውጭ ሀገር ሆኖ አማርኛ ልብ ወለድ መጻፍ ከንቱ ድካም ነው» የሚል ሰው ይህን ቢያስታውስ ደስ ይለኛል።

ፍራንክፈርት ራሷም ባዳ አይደለችም። ሂዮብ ሉዶልፍ የመጀመሪያውን የታተመ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 ያወጣው በዚህች ከተማ ነው፤ በ1704 የሞተውም እዚሁ ነው። ቋንቋውን ያስተማሩት ደግሞ የአማራው መካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። በ1649 በሮም ተገናኙ፤ በ1652 አባ ጎርጎርዮስ አልፕስን ተሻግረው እስከ ጎታ መጡ፤ በ1658 የተሳፈሩበት መርከብ ሰጥሞ ሞቱ። መምህሩ በባሕር ቀሩ፤ ያስተማሩት ቃል ከአርባ ዓመት በኋላ በፍራንክፈርት ማተሚያ ቤት ወረቀት ላይ ዋለ። ሰጥሞ የቀረው ዕቃቸው ምን ይዞ ነበር ብሎ መጠየቅ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ላይሆን ይችላል፤ የልብ ወለድ ጸሐፊ ግን ይህን ጥያቄ ዘልሎ ካለፈ ሙያውን ቢቀይር ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። ሞክሼ ፊደላት በትምህርታችን ዘንድ የራስ ምታት ተደርገው ይቆጠራሉ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ድምፅ ከሆኑ ለምን ሦስት ይሆናሉ? ሰ እና ሠስ? ለልጅ ሲነገረው ያለ ምክንያት የተጣለበት ሸክም ይመስለዋል፤ ፊደል ይቀነስ የሚሉት ሊቃውንት ክርክርም በዚህ ላይ የቆመ ነው። የምስጢር ታሪክ ግን ይህንኑ ሸክም ወደ ቁልፍ ይለውጠዋል። በግዕዝ በንጉሡ ሠ የሚጻፈው ሠረቀ ወጣ፣ ታየ ማለት ነው፤ ለፀሐይ፣ ለጨረቃና ለኮከብ ይነገራል። በእሳቱ ሰ የሚጻፈው ሰረቀ ደግሞ የሌባ ነው። እስቲ አንዲት ልጅ በአሮጌ ዳዊት ኅዳግ ላይ «ኮከብ ሠረቀ» የሚል ጽሑፍ አገኘች እንበል። በቤተሰቡ ውስጥ ኮከብ የሚባል ሰው ነበረ፤ ከዘመድ ተጣልቶ የጠፋ፣ ስሙ በማዕድ ላይ የማይነሣ። ልጅቷ የምታውቀው አማርኛ እንደሚነግራት ሌባው ተገኘ። ለመቶ ገጽ ያህል ሰውየውን ታሳድደዋለች። ከዚያ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ይህ የትኛው ሠ ነው?» ብለው ይጠይቋታል። ኮከብ የሚባለው ሰው አልሰረቀም፤ ጽሑፉ የሚናገረው ስለ ሰማይ ኮከብ ነው፤ ፍለጋውም እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ልጆችን ሞክሼ ፊደል ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመረበት ስሕተት ይረሳል፤ ንጹሕ ሰው ያስወነጀለ ፊደል ግን አይረሳም።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። በብራና መጨረሻ ፸፫፻፳፬ የሚል ዓመት ያየ ልጅ መጀመሪያ ቁጥሩን ራሱን ማንበብ አለበት፤ ሰባ ሦስት መቶ ሃያ አራት። ከዚያ ዓመተ ዓለም መሆኑን ደርሶበት 5500 ይቀንሳል፤ 1824 ይሆንለታል። በዚህ ሀገር አቆጣጠር ለማግኘት ሰባት ወይም ስምንት ይጨምራል፤ ስንቱን እንደሚጨምር የሚወስነው ደግሞ ወሩ ነው። ውጤቱ 1831 ወይም 1832፣ ማለትም ሩፔል ወደ ሀገራችን የገባበት ዘመን። የአንድ ምዕራፍ ሙሉ ፍለጋ በአንድ መስመር ቁጥር ውስጥ ተቀምጧል። ሰምና ወርቅንም አትርሱ። የቅኔ ተማሪ ከልጅነቱ የሚለማመደው ፊት ለፊት ያለውን ትርጉም አለማመንን ነው፤ ወንጀል መርማሪም የሚኖረው በዚሁ ልማድ ነው። ለልጅ «ሰምና ወርቅ የቅኔ ዓይነት ነው» ብሎ ማስጠናት አንድ ነገር ነው። በሰሙ ተታልሎ አሥር ገጽ ሲሳሳት ከቆየ በኋላ ወርቁ ሲገለጥለት የሚሰማው ደንገጥ ማለት ግን ከማስጠናት አይገኝም።

ከባዱ ተቃውሞ ከእምነት በኩል ይመጣል፤ በቀላሉም ማለፍ አይገባም። «ልጆቻችንን ከአስማትና ከመናፍስት ስናርቅ ኖረን አሁን በገዛ እጃችን እናስነብባቸው?» ይባላል። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቤተ ክርስቲያናችን መጽሐፈ ሄኖክን ከሰማንያ አንዱ ቆጥራ ስታቆይ ልጆች ስለ ወደቁ መላእክት እንዳይሰሙ አልከለከለችም። በመጽሐፉ ውስጥ የተከለከለውን እውቀት የሚያስተምሩት ይፈረድባቸዋል፤ ክራባትም የሚድነው በአስማት በርትቶ ሳይሆን ጌታነቱን እምቢ ብሎ ነው። የምትወደው ልጅ ዓይኗ ተሸፍኖ ከደቀ መዛሙርቱ መካከል የምትለየው ስለ እሷ በፈራው ፍርሃት ነው፤ ነፃ ሲወጣም አስማቱን ሁሉ ያጣል። ጥሩ የሆነ የዚህ ዓይነት ታሪክ ኃይልን ከሚመኝ ሰው ጋር ክርክር ነው። ሁለተኛው መልሴ ለተቃዋሚው እጅ መስጠት ያለበት ነው፦ ድንበር ያስፈልጋል። አንድ ጸሐፊ ሰዎች ዛሬም የሚጠቀሙበትን ድግምት ቃል በቃል መገልበጥ የለበትም፤ በሕይወት ያለን ገዳምና አባት ስም ጠርቶ ጭራቅ ማድረግ የለበትም፤ ደብተራውንም ዝም ብሎ የክፋት አልባሳት ሊያለብሰው አይገባም። ደብተራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጽፍና የሚዘምር የተማረ ሰው ነው። ልጆች ሌሊት ይፈሩ ይሆናል ለሚለው፣ ይፈራሉ፤ የገዙትም ለዚያ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ብዙ ጊዜ የማይነሣ ሌላ ተቃውሞ ነው። በሀገራችን ረቂቁ ነገር ንጹሕ ጨዋታ ሆኖ አልኖረም። ቡዳ የሚለው ቃል ሰው አስገድሏል፣ አሰድዷል፣ ከማዕድና ከጋብቻ ለይቷል። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ቤተ እስራኤልም፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብለው ታምተዋል። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ስድቡ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። አንድ ጸሐፊ ዛሬ ተነሥቶ ጅብ የሚሆን አንጥረኛ ያለበት «አስደሳች» መጽሐፍ ለልጆች ቢጽፍ ያንን ሐሜት በአዲስ ሽፋን መሸጡ ነው። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ከዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው በሃናው የተወለዱት ወንድማማቾቹ ግሪም ከ1812 ጀምሮ ባሳተሙት የተረት ስብስባቸው ውስጥ አይሁዳዊን በእሾህ መካከል አስጨፍሮ የሚያዋርድ ተረትም አካትተዋል፤ ዛሬ ለልጆች በሚዘጋጁ እትሞች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይገባም። ተረት ሁሉ ቅርስ ነው፣ ቅርስ ሁሉ ግን ለልጅ አይሰጥም።

ታዲያ ይህ ክርክሬን ያፈርሰዋል? የሚያጠናክረው ይመስለኛል። ሐሜት ማስረጃ አይጠይቅም፤ የምስጢር ታሪክ ደግሞ ያለ ማስረጃ አንድ ገጽ አይራመድም። ማን አየ? መቼ? ጨለማው ምን ያህል ነበር? ከውንጀላው ማን ይጠቀማል? የጠይቡ መሬት ለማን ደረሰ? መንደሩ በሙሉ «ቡዳ ነው» ሲል አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ብቻ እነዚህን ጥያቄዎች የምትጠይቅበት መጽሐፍ ረቂቁን ነገር አልካደም፤ ሌሊት የሚጮኸው ነገር እስከ መጨረሻው ሳይፈታ ሊቀር ይችላል። የሚፈታው ውንጀላው ነው። «ኮከብ ሠረቀ»ን በተሳሳተ ሠ ያነበበችው ልጅ የሠራችው ስሕተትና መንደሩ በአንጥረኛው ላይ የሠራው ግፍ በአንድ ሥር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም የቸኮለ ንባብ ናቸው። እንግዲህ በዚህ ዓይነት የተሠራ መጽሐፍ ከአያቶቻችን የወረስነውን ፍርሃት ይዞ፣ ከአያቶቻችን የወረስነውን ግፍ ይመረምራል። ከሰባኪ ምክር ይልቅ ልጅ ይህን ያዳምጣል።

«በጀርመንኛ ይጻፍላቸው፤ የሚረዱት እሱን ነው» ለሚሉኝ፣ ጸሐፊ ካለ ይጻፍ፣ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን በጀርመንኛ ሠ እና ሰ አንድ ኤስ ይሆናሉ፤ ቁልፉ ራሱ ይጠፋል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ሌላው ነው፦ በሳምንት አንድ ቀን ፊደል የሚማር ልጅ ሦስት መቶ ገጽ አማርኛ አይጨርስም። ይህ እውነት ነው፤ እንዲህ ያለውን ልጅ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ማስጀመር ዋና የማያውቅን ሰው ከጣና መካከል መጣል ነው። መጽሐፉ ሰማንያ ገጽ ይሁን። ልጆቹ እርስ በርሳቸው በሚናገሩት አማርኛ፣ ጀርመንኛው ጣልቃ ሲገባም ሳይታፈር፣ ይጻፍ። መጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ልጁ ሊያነብ የሚገባው አንድ የተጻፈ ስም ብቻ ይሁን፤ ሁለተኛው ላይ አንድ መስመር፤ አምስተኛው ላይ ሙሉ ደብዳቤ። ጀግናዋ ንባብ ስትለምድ አንባቢውም አብሮ ይለምዳል። ገበያውን በተመለከተ ብዙ አልልም። የፍራንክፈርቱ ሐኪም ሃይንሪሽ ሆፍማን ለሦስት ዓመት ልጁ የገና ስጦታ የሚሆን ደህና መጽሐፍ ቢያጣ ባዶ ደብተር ገዝቶ ራሱ ጻፈበት፣ ራሱ ሣለበት፤ በ1845 ታተመ፤ ኋላም «ሽትሩቨልፔተር» በሚል ስም ታወቀ። ሲጻፍ የታሰበለት አንባቢ አንድ ነበር።

ጀማሪ ጸሐፊ «ከየት ልነሣ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ከክታብ ጥቅልል ተነሣ እለዋለሁ። ክታብ በልማድ የሚሠራው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፤ የብራና ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ ተሰፍተው ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቁ። የባለቤቱ ስም በጸሎቱ መካከል ይገባል፤ ጥቅልሉ እጅ ሲለውጥ ደግሞ የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም ይጻፋል። እንግዲህ በቦርንሃይም ባለ አንድ ምድር ቤት፣ አሮጌ ሻንጣ ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ጥቅልል ተገኘ። ልጅየው ዘርግቶ በሜትር ለካው፦ 1 ሜትር ከ48 ሳንቲም። ተነሥቶ ከግድግዳው ጋር ቆመ፤ እኩል ሆኑ። በላዩ የተጻፈው የቅድመ አያቱ ስም ነው፤ ቅድመ አያቱ ደግሞ በፎቶግራፉ ላይ ረጅም ሰው ናቸው። ከስማቸው ሥር፣ ብራናው በተፋቀበት ቦታ፣ መብራቱን ጋደል ሲያደርገው የሌላ ስም ሁለት ፊደላት ይታያሉ። የመጀመሪያው ሠ ነው።